የ«ስለዚህ» ሚስማር

ከሂርማታ ገበያ ጀርባ፣ በቀበሌው ጠባብ አዳራሽ፣
ቃል ለቃሚ ጸሐፊ ነኝ፤ ዳኛ አይደለሁ፣ አይደለሁ ከሳሽ።
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ተናጋሪው ዝም ይላል፤
ሲያባራ፣ ካቆመበት ላይ፣ ነገሩን ደግሞ ይቀጥላል።

ሰኞ ለት የአባ ጨብሳ ልጅ፣ ማር ነጋዴዋ ራህመት ቀረበች፤
የአዌቱ ጭቃ ከጫማዋ ሳይረግፍ እንዲህ አለች፦
«ተማም ግንብ አጥሩን ሳያቆም፣ ውሃ ደጄን ረግጦ አያውቅም።
ግንቡ ቆመ። ክረምት ገባ። ማሬ ፈሰሰ፤ የተረፈ ገንቦ የለም።
ስለዚህ ያመጣው ግንቡ ነው። ግንቡ የማን ነው? የተማም።»

ተማም እንጨት ይጠርባል። የመሀል ዳኛው በርጩማ
የእሱ እጅ ሥራ ነው፤ ይታወቃል፤ ግን ከማን አፍ ይሰማ?
ተነሣ። ቆቡን አወለቀ። አልጮኸም፣ አልማለም።
«ግንቡን ሠርቻለሁ፣ እውነት። ውሃም ገብቷል፣ አልዋሸችም።
ግን ከድልድዩ በላይ ባለው፣ በኑረዲን ግቢ ማዶ፣
ግንብ የለም፤ አልጋው ግን ያን ለት ወጥቷል በውሃ ተገዶ።»
ከዚያ ተቀመጠ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞረና «ጻፍ፦ ተከሳሽ ካደ» አለኝ።
ብዕሬ «ካ» ላይ ቆመ። የቱን ካደ? ግራ ገባኝ።
ግንቡን? «ሠርቻለሁ» ብሏል። ውሃውን? «ገብቷል» ነው ያለው።
እሷን ውሸታም አላላትም፤ የፈሰሰ ማሯንም አልነካው።
ሁለቱን ሳንቃ ተወና፣ ከመሀል አንዲት ቃል ነቀለ፦
«ስለዚህ»ን፤
መዶሻ ሳያነሣ፣ በጉጠት፣ ቀስ እያለ።

እሱ የሚሠራው በርጩማ ሚስማር የሚባል አያውቅም፤
ሦስቱም እግር ከአንድ ግንድ ነው፤ ቢገለብጡት አይለቅም።
የራህመት ነገር ግን ግጥምጥም፦ «በፊት» አንድ ሳንቃ፣ «በኋላ» ሌላ፤
አንዲት ሚስማር ይዛቸዋለች፤ እሷም ናት የምትላላ።
የጠራቢ ዓይን ያየው ይኼንን ነው።

ስንቱን ጽፌአለሁ በዚህ እጅ!
«ብድሬን መልስ» ሲሉት «አባትህስ?» ያለውን፣
«ላምህ ማሳዬን በላች» ሲሉት፣ «ከብት ይጥፋ ነው የምትለው?» ብሎ
ያልተባለ ቃል ሠርቶ፣ ራሱ ጥሎት የፎከረውን።
እንዲህ ያለ ንጹሕ ነቀላ ግን በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው።

«ካ»ን ሰረዝኳት። ዳኛው አየኝ፤ አልወደደም።
ጻፍኩ፦ «ሁለቱንም ነገር አምኗል። ማያያዣውን ግን አልተቀበለም።»

ይኼኔ ራህመት ሳቀች።
«ኑረዲን ቤት ገብቶ ወጣ፤ ሲመሽ ደርቋል ወለሉ።
እኔ ቤት ሦስት ቀን ተኛ። መውጫውን ማን ዘጋው በሉ?»

እሷም እንደ እሱ! አልካደችም። ምስክሩን ተቀበለች፤
«አመጣው»ን ጥላ ሄደች፣ «አስቀረው»ን አነሣች፤
ክሷን ጠበብ አድርጋ፣ ከጠበበው ላይ ቆመች።
እንዲህ ሸርተት ማለት ሽንፈት ነው ወይስ ብልሃት?
አላውቅም። በመዝገቤ ኅዳግ የጥያቄ ምልክት አኖርኩላት።

ዳኞቹ ግንቡን ሊያዩ ወረዱ። ዝናቡም አብሯቸው ወረደ።
ተማም ለራህመት ጃንጥላ ዘረጋ፤
ይህ በየትኛው ዓምድ ይጻፋል?

አመሻሽ ላይ፣ ቆጪ ሰፈር፣ ልጄ ሙኒራ በር ላይ ጠበቀችኝ፦
«ዝናቡ ሲያቆም ቦዬ ወስጄ ጉማሬ አሳይሻለሁ ብለኸኝ።
አቆመ። ስለዚህ እንሂድ።»

«አዎ፣ ብያለሁ። አዎ፣ ቆሟል። ግን...»

ከ«ግን» ወዲያ አልሄድኩም፤
ጉጠቱ እኔ እጅ ላይ ነው።
እሷ ጫማዋን አድርጋለች፣
የቀኙን በግራ።